ምዕራፍ ስድስት፦ መቀመጥ የሚከለክል ሕመም

አርሲ ውስጥ፣ አቦምሳ ላይ ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ሲጠራራ፣ በርጩማ ሲያቀርቡላት «ቆሜ ይሻለኛል» ብላ የበሩን መቃን ተደግፋ ስኒዋን የምትቀበል ሴት ብትኖር፣ መጀመሪያ ላይ ማንም ልብ አይላትም። ቸኩላ ነው ይባላል። ሲደጋገም ኮርታ ነው ይባላል። ለቅሶ ቤት መጥታ «እግዜር ያጥናችሁ» ብላ ድንኳኑ ውስጥ ሳትቀመጥ ስትመለስ ግን ቅሬታው ይጀምራል፤ እኛ አገር ለቅሶ መድረስ ማለት ከሐዘንተኛው ጎን መቀመጥ ነውና። ሴትየዋ ምክንያት አጥታ አይደለም። የሚያማት ቦታ በሰው ፊት የማይጠራ ሆኖባት ነው።

ይህ ምዕራፍ በብልት፣ በፊንጢጣና በሁለቱ መካከል ስለሚሰማ፣ ሲቀመጡ ስለሚብስ፣ ወራት አልፎም ዓመታት ስለሚቆይ የነርቭ ሕመም ነው። ሴቶችንም ወንዶችንም ይይዛል። የያዛቸው ሰዎች ያቃጥለኛል፣ ይለበልበኛል፣ እንደ ኮረንቲ ይነዝረኛል፣ ውስጤ የሆነ ነገር የተሰካብኝ ይመስለኛል ይላሉ። እነዚህ ቃላት ለሐኪም ከብዙ የላብራቶሪ ወረቀት የበለጠ ዋጋ አላቸው። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ነርቩን ማወቅ ያስፈልጋል።

ነርቩ ፑደንዳል ይባላል፤ በግራና በቀኝ አንዳንድ አለ። የሚነሣው ከወገብ በታች፣ የዳሌ አጥንቶች ከኋላ ከሚገናኙበት ባለ ሦስት ማዕዘን አጥንት ውስጥ ሲሆን፣ የዚያ አጥንት ሁለተኛ፣ ሦስተኛና አራተኛ ነርቮች ተገናኝተው ይሠሩታል። ከዳሌው ወጥቶ በሁለት ጠንካራ ጅማቶች መካከል ይሾልካል፤ እዚያው አጠገብ ያለችን ሹል አጥንት ዞሮ ተመልሶ ወደ ዳሌ ይገባል። ከዚያ፣ ስንቀመጥ ክብደታችን የሚያርፍበትን አጥንት በውስጥ በኩል ታክኮ በጠባብ ሽፋን ውስጥ ያልፋል። ይህንን መተላለፊያ በ1836 እ.ኤ.አ. የገለጸው ቤንጃሚን አልኮክ የተባለ የአየርላንድ የአካል ጥናት ሊቅ ስለነበር እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ነርቩ በመጨረሻ ሦስት ቦታ ይከፈላል፦ አንዱ ቅርንጫፍ ወደ ፊንጢጣ፣ አንዱ በብልትና በፊንጢጣ መካከል ወዳለው ሥፍራ፣ አንዱ ወደ ቂንጥር ወይም ወደ ወንድ ብልት ይሄዳል። ስሜትን የሚያመጣው እሱ ነው፤ ሽንትንና ሰገራን አፍነው የሚይዙ ጡንቻዎችን የሚያዝዘውም እሱ ነው።

መንገዱን የተከተለ አንባቢ ችግሩ ወዴት እንደሚሄድ ሳይገባው አይቀርም። በጅማቶቹ መካከል ወይም በዚያ ጠባብ ሽፋን ውስጥ የተጨመቀ ነርቭ፣ ባለቤቱ በተቀመጠ ቁጥር ይበልጥ ይጨመቃል። ሲቆም ፋታ ያገኛል። ሲተኛ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ይተወዋል።

ሐኪሞች ይህንን ሕመም በስሙ መጥራት ከጀመሩ ብዙ ዘመን አልሆናቸውም። በ1987 እ.ኤ.አ. ጄራር አማራንኮና ባልደረቦቹ ፈረንሳይ ውስጥ ብስክሌት ነጂዎች ላይ ያዩትን የዚህ ነርቭ ጉዳት ጽፈው አሳወቁ። በ2008 እ.ኤ.አ. ደግሞ ናንት በተባለችው የፈረንሳይ ከተማ የሚሠራው ዣን ዣክ ላባ ከሌሎች ባለሙያዎች ጋር ዛሬም መለያ ሆኖ የሚያገለግለውን መስፈርት አወጣ። መስፈርቱ አምስት ነገር ይጠይቃል። ሕመሙ ያ ነርቭ በሚደርስበት ሥፍራ መሆኑን፣ መቀመጥ የሚያብሰው መሆኑን፣ በሌሊት ከእንቅልፍ የማይቀሰቅስ መሆኑን፣ ሐኪሙ በጥጥና በመርፌ ጫፍ ሲፈትሽ የደነዘዘ ቦታ አለመገኘቱን፣ በመጨረሻም ነርቩ አጠገብ ማደንዘዣ ሲወጋ ሕመሙ ለጊዜው መጥፋቱን።

እንግዲህ ልብ እንበል። ከአምስቱ ሦስቱ ጥያቄና መልስ ናቸው፤ አራተኛው የሐኪም እጅ ነው፤ አምስተኛው መርፌና ሊዶኬይን የተባለው ማደንዘዣ ነው። አልትራሳውንድ የለበትም፣ ኤም አር አይ የለበትም። ኤም አር አይ የሚታዘዘው ዕጢ፣ የአከርካሪ ችግር ወይም ሌላ በሽታ አለመኖሩን ለማረጋገጥ እንጂ የነርቩን ሕመም በፎቶ ለማሳየት አይደለም። ስለዚህ የዚህ በሽተኛ ምርመራ ንጹሕ ሆኖ መውጣቱ የሚጠበቅ ነገር ነው። «ምንም የለሽም» የሚለው መልስ እዚህ ላይ ትልቅ ጥፋት ይሠራል። ወረቀቱ ላይ ምንም አለመኖሩና ሰውየው ላይ ምንም አለመኖሩ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

አርሲ ውስጥም ሆነ በሌላው የአገራችን ክፍል ይህ ሕመም በራሱ ስም ከመጠራቱ በፊት የብዙ ሌላ በሽታ ስም ይሰጠዋል። ፊንጢጣ አካባቢ ከሆነ ኪንታሮት ይባላል፤ ቅባት ይገዛለታል፣ አንዳንዴም ባህላዊ ነቃይ ዘንድ ይኬዳል። ሽንት ሲሸኑ ከሆነ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ይባላል። ወንድ ከሆነ ፕሮስቴት ነው፤ ወጣት ከሆነ ደግሞ ጨብጥ። ሴት ከሆነች የማህፀን ኢንፌክሽን ተብሎ ባልና ሚስት አብረው መድኃኒት ይታዘዝላቸዋል፤ ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ የሚገባውን ጥርጣሬ ማንም መልሶ አያወጣውም። እነዚህ በሽታዎች እውነተኛ ናቸው፤ መጀመሪያ መመርመራቸውም ትክክል ነው። ጥፋቱ የሚጀምረው ምርመራው ንጹሕ ሆኖ ሳለ ያው መድኃኒት ሲደጋገም ነው። ሲፕሮ የሚባለው አንቲባዮቲክ ይታዘዛል፣ ፍላጂል ይጨመራል፣ ለጥቂት ቀን የተሻለ ይመስላል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ሲፕሮ። ሲፕሮ የሚገኝበት የመድኃኒት ቤተሰብ ራሱ የእጅና የእግር ነርቮችን ሊጎዳ እንደሚችል የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2013 እ.ኤ.አ. ማስጠንቀቂያውን አጥብቋል። የነርቭ ሕመምን ለነርቭ በማይስማማ መድኃኒት ደጋግሞ ማከም የሚያስቆጭ ነገር ነው፤ ያውም ለመድኃኒቱ በግ ወይም ጥጃ ተሸጦ።

ነርቩ ለምን ይታመማል? የብስክሌቱ ነገር እኛ ጋ ብዙም ላይመስል ይችላል፤ የመቀመጡ ነገር ግን አለ። ስንዴ በኮምባይነር በሚታጨድበት የአርሲ ምድር ኦፕሬተሩ በመኸር ወራት ቀኑን ሙሉ በሚንቀጠቀጥ ወንበር ላይ ነው። የባጃጅ ሾፌሩም፣ ሸማኔውም፣ ሱቅ ጠባቂውም እንዲሁ። የሆድ ድርቀት ያለበት ሰው ለዓመታት ሲያምጥ ነርቩ ይለጠጣል። አልማዝ ባለጭራ በታችኛው የአከርካሪ ነርቮች ላይ ሲወጣ ቁስሉ ደርቆም ሕመሙን ጥሎ ሊሄድ ይችላል። የዳሌ ቀዶ ሕክምናና መውደቅም ምክንያት ይሆናሉ። ምክንያቱ ፈጽሞ የማይገኝበትም ሰው ብዙ ነው።

በሴቶቻችን ላይ ግን ሁለት ምክንያቶችን ለይቼ ማንሣት እፈልጋለሁ።

አንዱ ወሊድ ነው። የሕፃኑ ጭንቅላት በዳሌ ውስጥ ለረጅም ሰዓት ሲቆይ፣ በተለይ ማማጡ ሲራዘም፣ ፑደንዳል ነርቭ ይለጠጣል፣ ይጨመቃልም። አገራችን የዚህን ጉዳት ከባዱን መልክ በደንብ ታውቀዋለች። ካትሪንና ሬጅ ሐምሊን የተባሉት ባልና ሚስት ሐኪሞች በ1959 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ መጥተው በልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል መሥራት ሲጀምሩ፣ ለቀናት አምጠው ሽንታቸውን መቆጣጠር ያቃታቸው ሴቶች ከየገጠሩ ይመጡላቸው ጀመር። በ1974 እ.ኤ.አ. የፊስቱላ ሆስፒታሉን ከፈቱ። ዶክተር ካትሪን በመጋቢት 2012 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ ኑሯቸው ከነዚህ ሴቶች ጋር ነበር። የሆስፒታሉ ሥራ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚወራው ሽንት ስለሚያፈስሰው ቀዳዳ፣ ስለ ፊስቱላው፣ መደፈን ነው፤ ነገር ግን ከእነዚያ ሴቶች ጥቂት የማይባሉት እግራቸውን እየጎተቱ የሚመጡ ናቸው። በዳሌ ውስጥ የሚያልፉት የእግር ነርቮችም አብረው ተጨምቀው ነበርና። ስለዚህ ሆስፒታሉ ከቀዶ ሕክምናው ጎን ፊዚዮቴራፒ ይሰጣል። ሽንቷ ከቆመላት በኋላ መራመድን እንደገና የምትለማመድ ሴት፣ የወሊድ ጉዳት የነርቭም ጉዳት መሆኑን ከማንኛውም መጽሐፍ በላይ ታስረዳለች። የእኛ በሽተኛ ፊስቱላ የላትም፤ ሽንቷ አይፈስም፤ በእግሯ ትሄዳለች። ጉዳቷ ቀለል ያለው የዚያው ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ ለዓይን ስለማይታይ ግን የሚጠይቃት የለም።

ሌላው ግርዛት ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት የኢትዮጵያ ሴቶች 65 በመቶው የተገረዙ ነበሩ። ምላጩ የሚያርፈው ከፑደንዳል ሦስት ቅርንጫፎች በአንዱ ጫፍ ላይ ነው። የተቆረጠ የነርቭ ጫፍ ሲድን አንዳንዴ እብጠት ሠርቶ ይቋጠራል፤ ያ ቋጠሮ ልብስ ሲነካው ሳይቀር ሊያቃጥል ይችላል። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ድርጊቱን ወንጀል አድርጎታል። ያ ሕግ ከመውጣቱ በፊት የተገረዙት ሴቶች ግን ዛሬ እናቶችና አያቶች ናቸው፤ ሕመማቸውን ከዚያ ጋር አያይዞ የጠየቃቸው ሐኪም ስንቱ ይሆን?

ሕመሙ ሲቆይ ሌላ ነገር ይጨመርበታል። ከሦስት ወር በላይ የቆየ ሕመም በዓለም አቀፉ የበሽታዎች ምደባ ሥር የሰደደ ይባላል፤ ስያሜው የጊዜ ብቻ አይደለም፣ የሕመሙም ጠባይ ይለወጣል። በማሽላ ወቅት ማማ ላይ የሚያድር ልጅ ዝንጀሮ ደጋግሞ ከዘረፈበት በኋላ ቅጠል በተንኮሻኮሸ ቁጥር ወንጭፉን ያነሣል፤ ዝንጀሮው ሄዶም እንቅልፍ የለውም። አከርካሪና አንጎልም እንዲሁ ከዚያ አካባቢ ለሚመጣ ለማንኛውም መልእክት ይነቃሉ፤ መንካት ሕመም ይሆናል፣ የሽንት መሙላት ሕመም ይሆናል። የዳሌው ሥር ጡንቻዎች ራሳቸውን ለመከላከል ይኮማተራሉ፤ የተኮማተረው ጡንቻ ደግሞ ነርቩን መልሶ ይጨምቃል። ስለዚህ ሕክምናው ነርቩን ብቻ፣ ጡንቻውን ብቻ ወይም አንጎሉን ብቻ ይዞ አይሳካም።

አቦምሳ ላይ ያለ ሰው ሕክምና ሲፈልግ ደረጃው የታወቀ ነው፤ ከጤና ጣቢያ ወደ አቦምሳ ሆስፒታል፣ ከዚያም ሪፈር ተጽፎ ወደ አዳማ ወይም አሰላ ወዳለው የአርሲ ዩኒቨርሲቲ ሪፈራልና ማስተማሪያ ሆስፒታል፣ ሲከፋ ወደ አዲስ አበባ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነ ሰው ይህንን መሰላል ጠብቆ መውጣት አለበት። የነርቭ ስፔሻሊስት ሥልጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው በ2006 እ.ኤ.አ. ስለሆነ ሐኪሞቹ ዛሬም ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹም ያሉት ዋና ከተማዋ ላይ ነው። ለሌላ በሽተኛ መንገዱ ድካም ነው። ለእኛዋ በሽተኛ መንገዱ ራሱ ሕመም ነው፤ በአውቶቡስ ወንበር ላይ በተቀመጠችባት እያንዳንዷ ሰዓት ያው ነርቭ ይጨመቃልና። አዳማ ስትደርስ ለመናገር አቅም ታጣለች፤ ወረፋ መጠበቂያው ደግሞ ሌላ አግዳሚ ወንበር ነው። ቆማ ትጠብቃለች፤ የቆመ ሰው በሐኪም ዓይን ደህና ይመስላል።

ለመንገዱ የሚሆን አንድ ቀላል ነገር አለ። ስፖንጅ ፍራሽ የሚሠራ ሰው ዘንድ ሄዶ ወፈር ያለ ስፖንጅ ማስቆረጥ፣ መካከሉንና የፊቱን ጫፍ አስወጥቶ ሁለቱ የመቀመጫ አጥንቶች ብቻ እንዲያርፉበት ማድረግ። ለመኪናም ለቤትም ያገለግላል። መኪናው ባቆመ ቁጥር ወርዶ መቆምም ይረዳል፤ ረዳቱ ቢቆጣም።

ከመድኃኒቶቹ ቀድሞ የሚነሣው አሚትሪፕቲሊን ነው። ርካሽ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥም አለ። የተሠራው ለድብርት ነበር፤ ለነርቭ ሕመም የሚሰጠው ግን በጣም ባነሰ መጠን፣ ማታ ማታ፣ ቀስ እየተባለ እየተጨመረ ነው። እዚህ ላይ ብዙ በሽተኛ ይጠፋል። ፋርማሲው «የድብርት ነው» ሲላት እብድ ነሽ የተባለች መስሏት ትተወዋለች። ሌላዋ ሳምንት ውጣ አፏ ደርቆ፣ ጠዋት ራሷ ከብዶ፣ ሕመሙም እንዳለ ሲሆንባት ታቆመዋለች። መድኃኒቱ የሚሠራው በሳምንታት ነው፤ አፍ ማድረቁና ማደንዘዙም ብዙ ጊዜ እየቀለለ ይሄዳል። ይህን አስቀድሞ የነገራት ሐኪም ግማሹን ሥራ ሠርቷል። የልብ ሕመም፣ የዓይን ግፊት ወይም ሽንት የማሰር ችግር ያለበት ሰው ግን ሳይነግር መጀመር የለበትም።

ጋባፔንቲንና ፕሪጋባሊን የሚባሉትም ይታዘዛሉ። ዋጋቸው ከፍ ያለ ነው። ምክንያቱ ያልታወቀ የዳሌ ሕመም ባለባቸው 306 ሴቶች ላይ ብሪታንያ ውስጥ ተደርጎ በ2020 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ጋባፔንቲን ከባዶ ክኒን የተሻለ እንዳልሆነ አሳይቷል። ጥናቱ የፑደንዳል ሕመምን ብቻ የለየ አልነበረም፤ ቢሆንም ቤተሰብ ለዚህ መድኃኒት ሲል ከብት ከመሸጡ በፊት ሊነገረው የሚገባ ነገር ነው።

ለጡንቻው ደግሞ ማላላት ነው የሚያስፈልገው። ከወሊድ በኋላ ለሴቶች የሚመከረው ሽንትን እንደመያዝ ማጥበቅ ለዚህ ሕመም አይሆንም፤ የተኮማተረውን ይበልጥ ያኮማትረዋል። በጀርባ ተኝቶ፣ ጉልበትን አጥፎ፣ ሆድ እስኪነፋ በአፍንጫ በቀስታ መተንፈስና የታችኛውን ክፍል መልቀቅ በየቀኑ የሚደረግ ልምምድ ነው። ወጌሻ ቦታውን በኃይል እንዲያሸው መፍቀድ ግን አደጋ ነው። የሆድ ድርቀትን በውኃ፣ በአትክልት፣ በተልባ መከላከልም የሕክምናው አካል እንጂ ተጨማሪ ምክር አይደለም።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስገርመኝ አምስተኛው መስፈርት፣ የማደንዘዣው መርፌ ነው። ይህ መርፌ ለአገራችን አዲስ አይደለም። ሕፃን በቫኪዩም ሲሳብ ወይም በብልትና በፊንጢጣ መካከል ያለው ሥጋ ተቀድዶ ሲሰፋ፣ ያችን ሹል አጥንት በጣት ዳስሶ ፑደንዳልን ማደንዘዝ በማዋለጃ ክፍሎች የቆየ ሙያ ነው። ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየገጠር ሆስፒታሉ እንዲሠሩ የሠለጠኑት የድንገተኛ ቀዶ ሕክምናና የማዋለድ ባለሙያዎችም ይህ ሙያ አላቸው። ነርቩን የሚያውቁ ሰዎች ማዋለጃ ክፍል ውስጥ አሉ፤ በነርቩ የተሠቃየችው ሴት ተመላላሽ ክፍል ውስጥ አለች፤ በመካከላቸው አንድ ኮሪደር ነው ያለው። ያቺ ሴት ወደዚያ ብትላክ፣ መርፌው ለሰዓታት ቢያስታግሳት፣ ለዓመታት ያጣችውን የበሽታዋን ስም በአንድ ቀን ታገኛለች። አንዳንዱን ሰው መርፌው ራሱ ለሳምንታት ያሳርፈዋል። ነርቩን በቀዶ ሕክምና ማላቀቅም አለ፤ በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመው የናንት ሐኪሞች ጥናት 32 ሰዎችን ብቻ ይዞ፣ በዓመቱ ቀዶ ሕክምናው ከተደረገላቸው ከአሥር ሰባት ያህሉ ሲሻላቸው ካልተደረገላቸው ከአሥር አንድ ያህሉ ብቻ እንደተሻላቸው አሳይቷል። ሌላው ሁሉ ተሞክሮ ሳይሳካ ሲቀር የሚታሰብ ነው።

ስለ ባልና ሚስት ኑሮ ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም። ግንኙነት ያማል፤ አንዳንዴ ከግንኙነቱ በኋላ ለቀናት ያቃጥላል። ሚስት ስትሸሽ ባል ጠላችኝ ይላል፤ ባል ሲሸሽ ሚስት ሌላ አለው ትላለች። ወንዶች ደግሞ ለማንም አይናገሩም። ብዙ ትዳር የሚፈርሰው ያልተነገረው ነገር በሌላ ነገር ሲተረጎም ነው። ሐኪሙ ሁለቱንም አስቀምጦ ጨብጥ እንዳልሆነ፣ የሚተላለፍም እንዳልሆነ ቢነግራቸው ከክኒኑ እኩል ይጠቅማል።

ጠበል የሚሄደው ይሂድ፣ ዱዓ የሚያስደርገውም ያስደርግ። ከአርሲም ከሩቅም ሃይማኖት ሳይለይ ሕዝብ ወደ ፋራቀሳ፣ ወደ አዮ ሞሚና መካነ መቃብር ይጓዛል፤ ብዙው ሕመሙን ይዞ ነው የሚሄደው። እንደ እኔ እንደ እኔ ስለት ከክኒን ጋር ጠብ የለውም። ጠብ የሚሆነው አንዱን ያዘዘ ሰው ሌላውን ጣሉ ሲል ነው።

አንዳንድ ምልክቶች ግን ከዚህ ሕመም ውጭ ናቸው፤ ጊዜም አይሰጡም። ኮርቻ የሚነካው ሥፍራ ድንገት ከደነዘዘ፣ ሽንት ወይም ሰገራ ከታሰረ ወይም ካመለጠ፣ እግር ከሰነፈ፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል። ሌሊት የሚቀሰቅስ ሕመም፣ ትኩሳት፣ ክብደት መቀነስ፣ ከወር አበባ ውጭ የሚፈስ ደም ካለ የማህፀን በር ካንሰርና የአከርካሪ ቲቢ መጣራት አለባቸው።

ካርድ አውጥታ ሐኪም ፊት የምትቀርብ ሴት «ታችኛው ሆዴን ያመኛል» ብላ ከጀመረች መልሱ የሽንት ምርመራ ነው። የሚያማትን ቦታ በስሙ መጥራት ካፈረች በእጇ ታሳይ፤ በኦሮምኛ የሚቀላት ከሆነ የሚያስተረጉምላትን ሰው ራሷ ትምረጥ፣ አማቷ እንዳትሆን። ቀጥሎም ስቀመጥ ይብሳል፣ ስቆም ይቀላል፣ ስተኛ ይተወኛል፣ ያቃጥላል፣ ይነዝራል፣ ከእንዲህ ያለ ወሊድ ወይም ውድቀት በኋላ ጀመረኝ ትበል። ንጹሕ ናቸው የተባሉትን የቀድሞ የምርመራ ወረቀቶች፣ የወሰደቻቸውንም መድኃኒቶች ስም ይዛ ትሂድ። ሌላ ዙር ሲፕሮ እንዳይታዘዝላት የሚከራከሩላት እነዚያ ወረቀቶች ናቸው።